በግንቦት ልደታ ወደ ለገዳዲ

እናት የልጆቿን የልደት ቀን አንድ በአንድ ለይታ ታውቃለች። ማን በየትኛው ወር፣ በየትኛው ታቦት ቀን፣ በሌሊት ይሁን በቀን፣ በዝናብ ይሁን በፀሐይ እንደ ተወለደ ስትጠየቅ ሳታመነታ ትናገራለች። የእናታችሁ የልደት ቀን መቼ ነው ተብለን ብንጠየቅ ግን ከመካከላችን በእርግጠኝነት የሚመልስ ስንት ሰው ይገኛል? እኔም እናቴ በሕይወት ሳለች ከማያውቁት ወገን ነበርኩ። ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ያነሣሣኝም እናታችን ካረፈች በኋላ የልደት ቀኗን ፍለጋ በሚያዝያ ወር 2017 ዓ.ም. ወደ ለገዳዲ ያደረግሁት ጉዞ ነው።

የነገሩ አጀማመር እንዲህ ነው። እናታችን ያረፈችው በኅዳር ወር 2016 ዓ.ም. ነበር። ሦስት ልጆች ነን። ታላቅ ወንድማችንና እኔ የምንኖረው አዲስ አበባ ነው። ታናሽ እኅታችን የምትኖረው በአሜሪካ አገር በዋሽንግተን ከተማ ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ የመኖሪያ ፈቃዷ ጉዳይ ስላላለቀ ከአገሩ ከወጣች መመለስ የማትችል ሆና ለቀብር ሳትመጣ ቀረች። ወንድማችን ይህን ሊረዳላት አልቻለም። «እናት ሁለት ጊዜ አትሞትም» አለና ስልኳን ማንሣት ተወ። ተዝካሩ ወጣ፤ ዓመቱም ዞሮ ሙት ዓመቱ ደረሰ፤ እነርሱ ግን እንደ ተኳረፉ ነበሩ።

በሙት ዓመቱ ማግስት እኅቴ ደወለችልኝ። «እኔ ሬሳዋን አላየሁ፣ አፈር አላለበስኋት። የሞተችበት ቀን ሲመጣ የማስበው አለመምጣቴን ብቻ ነው፤ እርሷን ማሰብ አቃተኝ። እባክሽ የተወለደችበትን ቀን ንገሪኝና እርሱን ላስብላት» አለችኝ። እኔም አላውቀውም ማለት አፍሬ፣ «ጠይቄ እነግርሻለሁ» አልኳት። ነገሩን ለወንድሜ ባጫውተው ፊቱን አጨፈገገ። «ለሞተ ሰው ሙት ዓመት እንጂ ልደት አይወጣለትም። ይህ የፈረንጅ አገር ነገር ነው» አለኝ።

በመጀመሪያ የሄድኩት ወደ ሣጥኗ ነው። የቀበሌ መታወቂያዋን አወጣሁና ባየው «የትውልድ ዘመን፦ መስከረም 1 ቀን 1938 ዓ.ም.» ይላል። ደስ ብሎኝ ለእኅቴ ልደውል ስል አንድ ነገር ትዝ አለኝ። የጎረቤታችንም መታወቂያ መስከረም 1 ነው፤ የአክስቴም መስከረም 1 ነው። ቀኑን የማያውቅ ሰው ሲመጣ ጸሐፊው የዓመቱን መጀመሪያ ይጽፍለታል። ዓመቱም ቢሆን በግምት የተሞላ ነው። እናታችን ፊደል ያልቆጠረች ስለ ነበረች ወረቀቱ ምን እንደሚል አልጠየቀችም፤ እኛ የተማርነውም አላነበብንላትም።

እንደሚታወቀው በአገራችን የተራ ሰው ልደት በየዓመቱ ሲከበር የኖረ አይደለም። በንጉሡ ዘመን ሐምሌ 16 ቀን የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልደት ስለ ነበር መሥሪያ ቤትና ትምህርት ቤት ተዘግቶ ይከበር ነበር። ከዚያ ውጭ ሕዝቡ ልደት ብሎ የሚያውቀው የጌታንና የእመቤታችንን ነው። የልጅ መወለድ የሚታወሰው በክርስትናው ነው፤ ወንድ በተወለደ በ40 ቀኑ፣ ሴት በ80 ቀኗ ክርስትና ይነሣሉ። የመንግሥት መዝገብን ያነሣን እንደሆነ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ልደት፣ ጋብቻና ሞት በክብር መዝገብ እንዲጻፍ ቢያዝም በሥራ ላይ ሳይውል ለብዙ ዓመታት ቆይቷል። ስለ ወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ የወጣው በ2004 ዓ.ም. ሲሆን፣ ምዝገባው በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ነው። እናቶቻችን ከዚህ ሁሉ በፊት የተወለዱ ናቸው። የእነርሱ መዝገብ ሰው ነው። መዝገቡ የሆነው ሰው ሲሞት ደግሞ መዝገቡ አብሮ ይቀበራል።

እናቴ የተወለደችው ለገዳዲ ነው። በልጅነቷ የሚያውቋት አንዲት እናት በዚያው በአካባቢው በሕይወት እንዳሉ ለቀብር ከመጡት ዘመዶች ሰምቼ ነበር። ስለዚህ በሚያዝያ ወር አንድ ቅዳሜ ጧት ከመገናኛ ታክሲ ተሳፈርኩ።

መኪናው ሲኤምሲንና አያትን አልፎ ወደ ለገጣፎ ሲያመራ ያ መንገድ እኔ በልጅነቴ የማውቀው መንገድ አልመስል አለኝ። ያን ጊዜ ከኮተቤ ካለፍን በኋላ የምናየው የጤፍና የስንዴ ማሳ፣ ከዳር እስከ ዳር ባሕር ዛፍ፣ አልፎ አልፎም የሣር ጎጆ ነበር። እናቴ ወላጆቿን ለመጠየቅ ስትወስደን ከተማው ከኋላችን ሲቀር ነጠላዋን አውርዳ በረጅሙ ትተነፍስ ነበር። ዛሬ ከተማው ወደ ኋላ አይቀርም፤ አብሮ ይጓዛል። ፎቁ፣ የብረት በሩ፣ የግንባታ ዕቃ መሸጫው ተያይዞ ይሄዳል። አዲስ አበባን እንደ መቀነት ከከበቧት ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ ጋር ለገጣፎና ለገዳዲም ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ሆነዋል።

ለገዳዲ ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ምሥራቅ፣ ወደ ደብረ ብርሃንና ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና፣ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ ናት። ስሟ የኦሮምኛ ነው። «ለገ» ማለት ወንዝ፣ «ዳዲ» ማለት ደግሞ ጠጅ ነው። የጠጅ ወንዝ ማለት ነው። እናቴ ስለ ትውልድ ቦታዋ ስትጠየቅ፣ «እኔ የጠጅ ወንዝ ልጅ ነኝ፤ ጠጅ ግን አልጠጣም» እያለች ትስቅ ነበር።

የአዲስ አበባ ሕዝብ ግን ለገዳዲን የሚያውቀው በውኃው ነው። ከተማው ቀደም ሲል ውኃ ያገኝ የነበረው ከምንጮችና በ1930ዎቹ ዓመታት በአምቦ መንገድ ከተሠራው ከገፈርሳ ግድብ ነበር። የሕዝቡ ቁጥር እየጨመረ ሲሄድ ያ ስላልበቃ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት የለገዳዲ ግድብ ተሠራ። ወንዙ የአቃቂ ገባር ነው። ግድቡ ከ40 ሚሊዮን ሜትር ኩብ በላይ ውኃ ያጠራቅማል። አካባቢው ጥቁር መረሬ አፈር ስለሆነ በክረምት የሚገባው ጎርፍ ጭቃማ ነው። ስለዚህም በማጣሪያው ጣቢያ ውኃው አሉም በሚባለው ኬሚካል ጭቃው ተጠራቅሞ እንዲዘቅጥ ይደረግና በአሸዋ ተጣርቶ፣ በመጨረሻም በክሎሪን ታክሞ ወደ ከተማ ይላካል። እናቴ ደግሞ በልጅነቷ የወንዙን ውኃ በእንስራ አሳድረው፣ ጭቃው ሲዘቅጥ ጥሩውን ከላይ ከላዩ ይቀዱ እንደ ነበር ትነግረን ነበር። አሠራሩ ተሻሻለ እንጂ ሐሳቡ ያው ነው።

ጣቢያው ሥራ ሲጀምር በቀን የሚያጣራው 50 ሺህ ሜትር ኩብ ሲሆን፣ በ1970ዎቹ ዓመታት ተስፋፍቶ ወደ 150 ሺህ ሜትር ኩብ ደረሰ። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ በለገዳዲ ከተቆፈሩ ጥልቅ ጉድጓዶች በቀን 86 ሺህ ሜትር ኩብ የሚሰጥ ፕሮጀክት ተመርቋል። እንዲህ ያለ ቁጥር በጋዜጣ ስናነብ ቶሎ አይገባንም። ነገሩን በሴት ጀርባ ብንለካው ግን ይገባናል። አንድ ሜትር ኩብ 1000 ሊትር ነው፤ ይኸውም 20 ሊትር በሚይዘው ጀሪካን 50 ጀሪካን ማለት ነው። 150 ሺህ ሜትር ኩብ እንግዲህ በየቀኑ 7 ሚሊዮን 500 ሺህ ጀሪካን ይሆናል። አንዱ ጀሪካን ሙሉ ሲሆን 20 ኪሎ ይመዝናል። ይህን ሁሉ ቧንቧው ባይሸከመው ኖሮ ማን ይሸከመው እንደ ነበር የዚህ ዓምድ አንባቢዎች ታውቁታላችሁ።

እናቴ በ15 ዓመቷ ተድራ አዲስ አበባ ስትመጣ ከእንስራ አላረፈችም። ከሰፈራችን ቦኖ ወረፋ ጠብቃ፣ በሳንቲም ገዝታ ትቀዳ ነበር። የለገዳዲ ውኃ ወደ ከተማው ምሥራቃዊ ክፍል ሲገባና በኋላም በግቢያችን ቧንቧ ሲተከል አስታውሳለሁ። ቧንቧውን ከፈተችው፤ እጇን ከሥሩ አድርጋ ትንሽ ቆየችና፣ «ወንዜ ተከትላኝ መጣች» አለች። እኛ ልጆቹ ሳቅን። ከዚያን ቀን ጀምሮ ውኃ ጠፍቶ በመጣ ቁጥር «ወንዜ መጣች» ማለት የቤታችን አነጋገር ሆኖ ቀረ።

ለገዳዲ ደርሼ ከታክሲ ስወርድ መጀመሪያ ያየሁት አራት ቢጫ ጀሪካን የጫነች አህያ የምትነዳ ልጃገረድ ነው። መንገዱን ጠየቅኋት፤ የአሮጊቷን ቤት ታውቀው ስለ ነበር እስከ ደጃፉ አደረሰችኝ።

የቤቱ ባለቤት 90 ዓመት ያለፋቸው፣ ዓይናቸው የደከመ፣ ጆሯቸውና ልባቸው ግን የነቃ እናት ናቸው። ማንነቴን ስነግራቸው እጄን ይዘው ወደ ራሳቸው ሳቡኝና ፊቴን በጣታቸው ዳሰሱት። «አፍንጫሽ የእርሷ ነው» አሉኝ። የልጅ ልጃቸው ቡና አቀረበች። ትንሽ ስለ ኀዘኑ ካወጋን በኋላ የመጣሁበትን ጉዳይ አነሣሁ።

«እማማ፣ እናቴ የተወለደችበትን ቀን ያውቁት ይሆን?»

«አላውቅም ወይ!» አሉ ተገርመው። «እናትሽ አልነገረችሽም?»

«አልጠየቅኋትም።»

ይህን ስናገር አፈርኩ። እርሳቸው ግን አልወቀሱኝም። ስኒያቸውን አስቀምጠው እንዲህ ሲሉ አወጉኝ።

«እናትሽ የወንዝ ልጅ ናት። የግንቦት ልደታ ዕለት ጧት ሴቶቹ እንደ ልማዳችን ከዛፉ ሥር ተሰብስበው፣ እሳት አያይዘው፣ ባቄላውንና ስንዴውን ለንፍሮ አዘጋጅተዋል። አያትሽ ለንፍሮው ውኃ ልትቀዳ ወደ ወንዝ ወረደች። ሆዷ ገፍቷል፤ ‹ተይ ሌላ ሰው ይውረድ› ቢሏት ‹በእመቤቴ ቀን እኔ ነኝ የምቀዳው› ብላ እምቢ አለች። ብትዘገይባቸው ጊዜ እናቴ ተከትላት ወረደች። እኔ ያን ጊዜ ጥርሴን የምለውጥ ልጅ ነኝ፤ እናቴን ተከትዬ ወረድኩ። አያትሽ እንስራውን አስደግፋ ቁጥቋጦውን ይዛ ተንበርክካለች። ሴቶቹ ተጠርተው መጡ፤ በነጠላቸው ከለሏት። እናትሽን የተገላገለችው እዚያው ነው። ለሴት ልጅ እልልታው ሦስት ነው፤ ያን ዕለት ግን የልደታ ልጅ ናት ብለው ሰባት ጊዜ እልል አሉላት። ውኃውን እናቴ ቀዳችው። ንፍሮውም በዚያ ውኃ ተቀቀለ።»

«ዓመቱስ እማማ?»

«ዓመቱ ጣልያን የወጣበት ነዋ። ጃንሆይ ገቡ ብሎ አባቴ ከአዲስ አበባ ወሬ ይዞ የመጣው በዚያው ሳምንት ነው። አያትሽም ‹ልጄን የወለድኳት ጃንሆይ በገቡ በአራተኛው ቀን ነው› ትል ነበር።»

ጃንሆይ ከስደት ተመልሰው፣ ከጎጃም በሱሉልታ አቅጣጫ አድርገው በእንጦጦ በኩል አዲስ አበባ የገቡት ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በአራተኛው ቀን ግንቦት 1 ነው። የተነገረኝና በታሪክ የታወቀው ገጠመልኝ። የመታወቂያው ወረቀት ከዕድሜዋ አራት ዓመት ከመንፈቅ ያህል ቀንሶባት ኖሯል።

ቦታውን ለማየት ስጠይቃቸው በልጅ ልጃቸው ተደግፈው ከቤቱ ጀርባ ወዳለው ጉብታ ይዘውኝ ወጡ። ግድቡ የሚጠበቅ ስለሆነ ከሩቅ ነው የሚታየው። ሚያዝያ የበጋው መጨረሻ እንደ መሆኑ ውኃው ሸሽቶ፣ በዙሪያው የተሰነጣጠቀ ጭቃ ይታያል። አሮጊቷ ዓይናቸው ባያይም በከዘራቸው ወደ ሐይቁ መሐል አመለከቱኝ። «ያ ቁጥቋጦ፣ ያ መቅጃ፣ ሁሉም ከውኃው በታች ነው» አሉኝ። እናቴ የተወለደችበትን ቦታ ፍለጋ ሄጄ ያገኘሁት ዕድሜዬን ሙሉ ስጠጣው የኖርኩትን ውኃ ነው።

ወደ አዲስ አበባ ስመለስ ታክሲው ውስጥ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። እናታችን በየዓመቱ ክረምት ዝናቡ ሲበረታ፣ «እኔ ክርስትና የተነሣሁት በሐምሌ ገብርኤል ማግስት ነው፤ ወንዙ ሞልቶ አባቴ በትከሻው አሻግሮኛል» ትል ነበር። ይህን ከመቶ ጊዜ በላይ ሰምቼዋለሁ። ሐምሌ ገብርኤል 19 ነው፤ ማግስቱ 20 ነው። በጣቶቼ መቁጠር ጀመርኩ፦ የግንቦት 30፣ የሰኔ 30፣ የሐምሌ 20። ሰማንያ! የሴት ልጅ ክርስትና ሰማንያ ቀን መሆኑን የማያውቅ የለም። እናታችን የልደት ቀኗን በየዓመቱ ስትነግረን ኖራለች፤ ተቀምጦ የቆጠረላት ልጅ ግን አልነበራትም። ያን ጊዜ እንባዬ መጣ። አጠገቤ የተቀመጠች ወጣት ምንም ሳትጠይቀኝ መሐረብ ሰጠችኝ።

ማታውኑ ለእኅቴ ደወልኩላት። ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። በኋላ አንድ ነገር አጫወተችኝ። በምትኖርበት አገር በግንቦት ወር መጀመሪያ የእናቶች ቀን ይከበራል። ይህን በዓል ያስጀመረችው አና ጃርቪስ የተባለች ሴት ናት። እናቷ የሞተችባት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሜይ 9 ቀን 1905 ነው፤ በእኛ ግንቦት 1 ቀን 1897 ዓ.ም. ይሆናል። አና እናቷን ለማሰብ በ1908 ግራፍተን በምትባል ከተማ በሚገኝ ቤተ ክርስቲያን ጸሎት አስደረገች፤ በ1914 ፕሬዚዳንት ዊልሰን የሜይ ወር ሁለተኛው እሑድ የእናቶች ቀን እንዲሆን አወጁ። በኋላ ግን በዓሉ የካርድና የአበባ ነጋዴዎች ገበያ ሲሆን ባየች ጊዜ ራሷ አና ስትቃወመው ኖራለች። «እነርሱ የእናት ሞት ያስታወሰውን ቀን በዓል አደረጉት፤ እኛ ደግሞ በዚያው ቀን የእናት ልደት ነበረን» አለችኝ እኅቴ።

እውነቷን ነው። ወንድሜ የፈረንጅ ነገር ነው ያለውም አልሆነም። በአገራችን ከጥንት ጀምሮ የእናት ልደት የሚከበርበት ቀን አለ፤ እርሱም የግንቦት ልደታ ነው። በቤተ ክርስቲያን ትውፊት እንደሚነገረው ኢያቄምና ሐና እመቤታችንን የወለዷት ከቤታቸው ርቀው በሊባኖስ ተራራ ነው። ስለዚህም በየሰፈሩ ያሉ ሴቶች በዚያ ቀን ከቤት ውጭ፣ ከዛፍ ሥር ወይም ከመንገድ ዳር ተሰብስበው፣ ንፍሮ ቀቅለው፣ ዳቦ ቆርሰው፣ ቡና አፍልተው ላላፊ አግዳሚው ሁሉ ያቀምሳሉ። ማን ነህ ተብሎ የሚጠየቅ የለም። በጉራጌም አንትሮሽት የሚባል የእናቶች በዓል እንዳለ የታወቀ ነው። እናትን ማክበር ለእኛ ከውጭ የመጣ አይደለም። የጎደለን በዓሉን ከራሳችን እናት ስም ጋር ማያያዙ ነበር።

ይህን ሁሉ ለወንድሜ ነገርኩት። ሲሰማ ቆይቶ፣ «ሰማንያ ቀን» አለና እርሱም በጣቶቹ ቆጠረ። ሁለት ጊዜ ቆጠረ። ከዚያ ሌላ አልተናገረም።

ግንቦት 1 ቀን 2017 ዓ.ም. ዓርብ ዋለ። ያለፈውን ዘመን አስልቼ ባየው ግንቦት 1 ቀን 1933 ዓ.ም.ም የዋለው ዓርብ ነው። እናታችን በሕይወት ብትኖር 84 ዓመት ይሞላት ነበር። ዳቦ ጋግሬ፣ ባቄላና ስንዴ ይዤ፣ ቤቱን ቆልፌ ልወጣ ስል ወንድሜ መኪናውን በር ላይ አቁሞ አገኘሁት። «ታክሲ ውስጥ በዳቦ ትጨነቂያለሽ ብዬ ነው» አለኝ። ከመኪናው ኋላ ሁለት ጀሪካን ውኃ ጭኗል። ከራሱ ቧንቧ የቀዳው ነው። ለምን እንደ ያዘው አልጠየቅሁትም።

ለገዳዲ ስንደርስ የመንደሩ ሴቶች ከዛፉ ሥር ተሰብስበው ነበር። አሮጊቷ እናት በበርጩማ ተቀምጠዋል። እኛም ያመጣነውን ከእነርሱ ጋር አንድ አደረግን። ወንድሜ ጀሪካኑን ተሸክሞ መጥቶ ከድስቱ አጠገብ አስቀመጠ። «ይህ ከዚሁ ከእናንተው ሄዶ የተመለሰ ውኃ ነው» አላቸው። ሴቶቹ ሳቁ፤ ንፍሮውም በእርሱ ተጣደ።

ከጧቱ አራት ሰዓት ሲሆን እኅታችን በስልክ በምስል ተገናኘችን። በእርሷ አገር ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነው። መብራቷን አብርታ፣ ነጠላ ለብሳ፣ ከሐበሻ ሱቅ በገዛችው እህል ንፍሮ ቀቅላ፣ በትንሽ ሳህን ከፊቷ አስቀምጣለች። ዛፉን አሳየኋት፤ ሐይቁን ከሩቅ አሳየኋት፤ አሮጊቷን አሳየኋት። እርሳቸውም መረቋት። ከዚያ ስልኩን ለወንድሜ ዘረጋሁለት። ይቀበለኛል ብዬ አልገመትኩም። ተቀበለኝ። ከኀዘኑ ወዲህ አንድ ዓመት ከአምስት ወር ተኩል ሳይነጋገሩ ቆይተው ነበርና ሁለቱም ምን እንደሚሉ ጠፋቸው።

«ንፍሮሽ ጨው አለው?» አላት በመጨረሻ።

«አለው ጋሼ።»

«እማዬ ጨው ታበዛ ነበር።»

«እኔም አብዝቻለሁ» አለችው። ሁለቱም አለቀሱ። እኔ ፊቴን ወደ ድስቱ አዙሬ ማማሰል ቀጠልኩ።

ንፍሮው ሲበስል አሮጊቷ የመጀመሪያውን ጭልፋ ለመንገደኛ እንድንሰጥ አዘዙን። በመንገዱ ያልፍ የነበረ አንድ እረኛ ልጅ ተጠርቶ በመዳፉ ተቀበለ። «የማን ነው?» ብሎ ጠየቀ። ወንድሜ፣ «የእናታችን ልደት ነው» ብሎ መለሰለት። ልጁም «እንኳን አደረሳችሁ» ብሎን እየበላ ሄደ። ኬክ አልቆረስንም፤ ሻማም አላበራንም። እናታችን ግን ብታየን የምታውቀው፣ የሚያስደስታት ልደት ነበር ብዬ አምናለሁ።

ውድ የዚህ ዓምድ አንባቢዎች! ከዚህ ጉዞ የተማርኩትን ለእናንተም ላካፍል። እናታችሁ በሕይወት ካለች ነገ ሳትሉ ዛሬ ጠይቋት። «መቼ ተወለድሽ?» ብትሏት «እኔ ምን አውቄ» ልትላችሁ ትችላለች። ስለዚህ ጥያቄውን ለውጡት። ክርስትና የተነሣችው በየትኛው ታቦት ሰሞን እንደ ነበር ጠይቁና ሰማንያ ቀን ወደ ኋላ ቁጠሩ፤ ለአባት ከሆነ አርባ ቀን ነው። ዓመቱን በታላላቅ ነገሮች መለየት ይቻላል፦ ጣልያን አዲስ አበባ የገባበት 1928፣ የወጣበት 1933፣ የታኅሣሥ ግርግር የሆነበት 1953፣ አብዮቱ የፈነዳበት 1966 ዓ.ም.። ሙስሊም እናቶች ደግሞ ረመዳንን ወይም ዓረፋን ይጠቅሳሉ። የሂጅራው አቆጣጠር በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ስለሚቀድም፣ በዚያ ዓመት ረመዳን በክረምት ይሁን በበጋ ከታወቀ ዓመቱን ለመለየት ይረዳል። ያገኛችሁትንም በቃል አትተዉት፤ ጻፉት። አዲስ የተወለዱ ሕፃናትንም በጊዜው በወሳኝ ኩነት ጽሕፈት ቤት አስመዝግቡ፤ ለልጅ ልጆቻችሁ ከእኔ የቀለለ ሥራ ትተዉላቸዋላችሁ።

እናታችሁ ካረፈች ደግሞ የምታስታውሳት አንዲት አሮጊት በአንድ መንደር ሳትኖር አትቀርም። ሳትዘገዩ ሂዱ። ቀኑ ባይገኝ እንኳ መንገዱን ከእርሷ ጋር ትሄዱታላችሁ።

በሰፈራችን ውኃ በሳምንት ጥቂት ቀን ነው የሚመጣው። አሁን ይህን ጽሑፍ ልጨርስ ስል በግቢው ያለው ቧንቧ ሲንፏቀቅ ሰማሁ። የልጄ ልጅ ባልዲውን ይዛ ሮጠች፤ «ወንዜ መጣች!» እያለች። ቃሉ ከማን እንደ መጣ አታውቅም ነበር። ዛሬ ማታ እነግራታለሁ።